የጣቢያው ደወል

ደራሲዋ የሞተችው በገዛ ወንበሯ ላይ፣ በገዛ ድራማዋ ፊት፣ በወዳጆቿ መካከል ተቀምጣ ነው። አራት ሰዎች እጃቸውን ቢዘረጉ የሚደርሱባት ያህል ቅርብ ነበሩ፤ አንዳቸውም ልብ አላሉም። ነፍሷ ስትወጣ እነሱ «ነርሷ ማግባት የነበረባት ካፒቴኑን ነው»፣ «የለም፣ ሐኪሙን ነው» እየተባባሉ ይነታረኩ ነበር። ዝም ስትላቸው የተኛች መሰላቸው። መጋረጃው ተከፍቶ የከሰዓቱ ብርሃን ፊቷ ላይ ሲያርፍ ነው የእህቷ ልጅ ባዶውን ትሪ ከእጇ የጣለችው።

ይህን ንትርክ የማያውቅ ወጣት ይኖራልና ትንሽ ላስረዳ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ዘወትር ሰኞ ምሽት በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ተከታታይ ድራማ ነበር። ርዕስ ነበረው፤ ነገር ግን በርዕሱ የሚጠራው አልነበረም፤ «የሰኞው» ነው የሚባለው። የሰኞው ሲጀምር መንገዱ ጭር ይላል፣ ድስት ያርራል፣ ከጎረቤቱ የተኳረፈ እንኳ ጎረቤቱ ቴሌቪዥን ካለው ሰኞን ጠብቆ ይታረቃል። በድራማው ውስጥ አንዲት ነርስ አለች። የመርከብ ካፒቴን ይወዳታል፤ ሐኪምም ይወዳታል። ማንን እንዳገባች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ የመጨረሻው ክፍል ሳይቀረጽ ድራማው ተቋረጠ። ደራሲዋም ስትጠየቅ ትስቃለች እንጂ አትናገርም።

ወዳጆቿ ግን ተስፋ አልቆረጡም። በየቅዳሜው እሷ ቤት ይሰበሰባሉ፤ መጋረጃ ይዘጋሉ፤ ያረጀ የቪዲዮ ካሴት ያጫውታሉ፤ ይጣላሉ፤ ታርቀው ይሄዳሉ። አንደኛው ካፒቴኑን ሆኖ የተጫወተው ጡረተኛ ተዋናይ ነው። ሰዉ ዛሬም «ካፒቴን» ይለዋል፤ እሱም በሌላ ስም ቢጠሩት ዞሮ አያይም። ሁለተኛዋ የሰፈሩ ፋርማሲስት ናት፤ የሐኪሙ ወገን፣ ስለዚህም የካፒቴኑ ባላጋራ። የቀሩት ሁለቱ ባልና ሚስት ናቸው፤ እሱ ሰዓት ሠሪ፣ እሷ ልብስ ሰፊ።

መርማሪዋ ስትደርስ አራቱም ቆመው ነበር። ወንበር ሞልቶ ሳለ የሚቀመጥ ጠፋ። እሷም ብትሆን መቀመጥ የሚሆንላት ሰው አይደለችም፤ ሰው ስታነጋግር እንኳ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ የሰማችውን ሁሉ ታሳልፋለች፣ በመጨረሻ እጇ ላይ የሚቀረው ግን ጠጠሩ ነው።

የፖሊስ ሐኪሙ አስከሬኑን አይቶ፣ ደራሲዋ የምትወስደው የልብ ጠብታ ከልክ በላይ ሳይገባ አልቀረም ብሎ ሹክ አላት። ጠብታው መደርደሪያው ላይ፣ ከትልቁ ሰዓት አጠገብ ነበር። ፋርማሲስቷ አርብ ዕለት ያመጣችው አዲስ ጠርሙስ ነው፤ ግማሹ ጎድሏል።

መርማሪዋ አጭሩን ጠረጴዛ ዞረችው። የደራሲዋ ብርጭቆ ባዶ ነው፤ ከሥሩ ያልሟሟ ስኳር እንደ እርጥብ አሸዋ ተጣብቋል። ከጎኗ የሰዓት ሠሪው ወንበር አለ፤ ፊት ለፊቱ ያለው ብርጭቆ እስከ አፉ ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ ሻዩ ቀዝቅዞ ከላይ ስስ ሽፋን ይዟል፣ ማንኪያው ከጎኑ ተጋድሟል። ካፒቴኑና ፋርማሲስቷ ከጠረጴዛው ማዶ ነበሩ፤ የነሱ ሻይ ተጋምሷል። የልብስ ሰፊዋ ብርጭቆ ራቅ ብሎ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል። መርማሪዋ ብርጭቆዎቹን ለይታ ለምርመራ ላከቻቸውና ወደ ኩሽና ገባች።

የእህት ልጅ የታጠበ ድስት እንደገና ታጥባለች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት ይህች አክስቷ ናት።

«ሻዩን ማን ቀዳ?»

«እኔ።»

«ጠብታውንስ ማን ነው የሚሰጣት?»

«እኔ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት። ከሰዓት የላትም።» ልጅቷ ድስቱን አስቀመጠችው። «ምን ልትዪኝ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እህቴ። እነሱም ከውጭ ሆነው በዓይናቸው ሲሉኝ ነበር።»

መርማሪዋ ተጣልተው እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጅቷ አልካደችም። በየቀኑ ይጣላሉ፤ በሻይ የተነሳ ነው። ሐኪም ስኳር ከከለከላት ቆይቷል፤ እሷ ደግሞ ስኳር የሌለው ሻይ የበሽተኛ ውሃ ነው ትላለች። ልጅቷ የስኳር ዕቃውን ከሷ ታርቃለች፤ አክስቷ ትቆጣለች፤ ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። ይህን ስትናገር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ዛሬስ ተቆጣችሽ?»

«ዛሬማ አመሰገነችኝ። የጣቢያው ትዕይንት እንዳለቀ ከሳሎን ጠርታ፣ ‹ዛሬስ አዘንሽልኝ፣ ልጄ፤ አንጀቴን አራስሽው› አለችኝ። ምን እንዳደረግሁላት አላወቅሁም። የመጨረሻ ቃሏ እሱ ነው።»

የጣቢያው ትዕይንት ምን እንደሆነ መርማሪዋ ያወቀችው ከዚህችው ልጅ ነው። በካሴቱ መሃል ማጫወቻው ዱሮ ያኘከው ቦታ አለ፤ እዚያ ሲደርስ ምስሉም ድምፁም ይጠፋል። የጠፋው ደግሞ ሰው ሁሉ ያለቀሰበት ትዕይንት ነው፤ ነርሷ በባቡር ልትሄድ ስትል ካፒቴኑ የእጅ ሰዓት ሰጥቶ ይሰናበታታል። ታዲያ አራቱ ካሴቱን አያሳልፉትም። መብራቱ ይጠፋል፣ ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትዕይንቱን ራሳቸው በቃል ይሉታል። ካፒቴኑ የራሱን፣ ልብስ ሰፊዋ የነርሷን፣ ፋርማሲስቷ የካፒቴኑን እናት። ደራሲዋ የባቡሮቹን ስም ትጠራለች። ሰዓት ሠሪው ቃል የለውም፤ እሱ ድምፅ ነው። በጣቶቹ አንጓ ጠረጴዛውን እየመታ እርምጃ ያሰማል፣ በማንኪያ ብርጭቆ መትቶ የጣቢያውን ደወል ይደውላል።

«ዓይኑን የሚገልጥ የለም?»

«ምን በወጣው! አንዴ አንድ እንግዳ ገልጦ ካፒቴኑ ለወር አኩርፈውታል።»

ካፒቴኑ በረንዳ ላይ ነበር፤ ሲጋራ ለኩሶ አንዴም ሳይስብ አመዱን ያራግፋል። ስለ ሞቷ ሲጠየቅ ስለ ራሱ መለሰ፤ ልማዱ ነው። የዛሬው ትዕይንት ተበላሽቶበት እንደነበር በምሬት አወራ።

«ደወሉ ነው ያበላሸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥርት ብሎ የሚጮኸው ደወል ዛሬ እንደ ታፈነ ሰው ‹ዱብ› አለ። ቃሌ ጠፋኝ። እኔ ቃል የሚጠፋኝ ሰው ነኝ?»

ፋርማሲስቷ ከኋላቸው መጥታ ኖሮ፣ «እሱንስ ልክ ነዎት፣ ጋሼ ካፒቴን፤ ደወሉ ደወል አልነበረም። ግን ቃልዎ ድሮም ይጠፋዎታል» አለች። ከዚያ ጠባቸው ቀጠለ። ባልንጀራቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍና ሳለች ነርሷን ለማን እንደሚድሩ ተከራከሩ። መርማሪዋ አልቆጣቻቸውም። የሰው ልጅ ሲደነግጥ የለመደውን ነገር እንደሚጨብጥ ታውቃለች።

«ያ የስንብት ቃል ምን ነበር?» አለች።

ካፒቴኑ ሲጋራውን ወርውሮ ቀጥ ብሎ ቆመ። ድምፁ ሌላ ሆነ።

«‹ይህን ሰዓት አላስተካክልልሽም። ወደኋላ መቅረቱ በሽታ አይደለም፣ ጸባዩ ነው። ወደኋላ በቀረብሽ ቁጥር አስቢኝ።›»

ስንቱ በዚህ ቃል ሚስት አግብቷል፤ ስንቱም ተለያይቶበታል። ቀረጻው ላይ ካፒቴኑ ራሱ ከልቡ አፍልቆ እንደተናገረው አገር ሁሉ ያምናል፤ እሱም አስተባብሎ አያውቅም። ፋርማሲስቷ ግን አልቻለችም።

«ባለፈው ቅዳሜ እትዬ ያሉትን ይንገሯት እንጂ» አለች። መልሱንም ሳትጠብቅ ራሷ ተናገረች። «ሰኞ የራዲዮ ጋዜጠኛ ሊመጣላቸው ነበር። ‹ያን ቃል እኔም አልጻፍኩት፣ ካፒቴኑም አልፈጠረው። አንድ ሰው ነው ያለኝ፤ በሕይወት አለ። ጋዜጠኛው ሲመጣ ስሙን እናገራለሁ› አሉ። በሁላችንም ፊት ነው።»

ካፒቴኑ ፊቱን አጠቆረ። «እሷ ደግሞ ጠብታውን ማን እንዳመጣው ትንገርሽ» አለ ለመርማሪዋ።

ትዕይንቱ ከመድረሱ በፊት ወደ መደርደሪያው ማን ሄዶ እንደነበር ጠየቀቻቸው። ሁሉም ሄዷል። ካፒቴኑ ካሴት አንስቷል፤ ፋርማሲስቷ ጠርሙሱን አገላብጣ አይታለች፤ ሰዓት ሠሪው ብርጭቆውን በእጁ እንደያዘ፣ እንደ ዘወትሩ ትልቁን ሰዓት ሞልቷል። ልብስ ሰፊዋ ብቻ ከመስኮቷ አልተነሳችም።

በማግስቱ እሁድ፣ ገና በጠዋቱ የመርማሪዋ አለቃ ደወለ።

«ጠብታ የምትሰጠው ልጅቷ፣ ሻይ የቀዳችው ልጅቷ፣ ቤቱን የምትወርሰው ልጅቷ። ምን ቀረሽ?»

«ደወሉ ቀረኝ።»

«የምን ደወል?»

«እሱን ነው የማላውቀው።»

አለቃዋ ተነፈሰ። ቀብሩ ሰኞ ከሰዓት ነው፤ ከቀብር ላይ ሰው ማንሳት ደስ ስለማይል ልጅቷን ከቀብሩ በፊት እንድታስገባት አዘዘ። መርማሪዋ ስልኩን ዘጋችና ክፍሏ ውስጥ ትንቆራጠጥ ጀመር። ያች ልጅ ያሳደገቻትን ሴት አፈር ሳታለብስ በእስር ቤት መስኮት ልታለቅስ ነው። ይህ ሐሳብ እንደ ጫማ ጠጠር ሄደችም ቆመችም ቆረቆራት።

የሰዓት ሠሪው ሱቅ ከቤቱ ፊት ለፊት ተቀጥሎ የተሠራ ነው፤ እሁድም ይከፍታል፣ እጁ ሥራ መፍታት አይችልበትም። ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ የተለያየ ጊዜ ይናገራሉ፤ ሁሉም በአንድነት ቀጭ ቀጭ ይላሉ። አንዲት አሮጊት ደንበኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። በመጋረጃው በኩል ልብስ ሰፊዋ በመኪናዋ ላይ አጎንብሳ ጥቁር ቀሚስ ትሰፋለች፤ ለቀብሩ ነው።

መርማሪዋ የእጅ ሰዓቷን አውልቃ ሰጠችው። «ወደኋላ ይቀራል» አለች።

ሰዓት ሠሪው አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ከፈተው። ጣቶቹ ረጃጅምና የተረጋጉ ናቸው። «ምንም አልሆነም፣ ልጄ» አለ ከልማድ። «አንዳንዱ ሰዓት እንዲሁ ነው። በሽታ አይደለም፣ ጸባዩ...»

እዚያ ላይ ቃሉ ተቆረጠ። አሮጊቷ ግን ሳቀች።

«አይ አንተ፣ አሁንም አልተውካት! እኔ ስሞሸር ሰዓቴን ስትሰጠኝ ይህችኑ ነው ያልከኝ። ያኔ እንኳን የሰኞው፣ ቴሌቪዥንም አልነበረን።»

የሰዓት ሠሪው መፍቻ አዳልጦት የመርማሪዋን ሰዓት መስታወት ጫረው። ይቅርታ ጠየቀ፤ አዲስ መስታወት አደርግልሻለሁ አለ። ከመጋረጃው ጀርባ የልብስ መኪናው ድምፅ ለአፍታ ቆሞ እንደገና ቀጠለ።

መርማሪዋ ወደ ሚስትየዋ አለፈች። የምትጠይቃት ብዙ ነገር አልነበራትም፤ ቅዳሜ ዕለት መስኮቱ ጋ ምን እንደሰማች ብቻ ጠየቀቻት።

«የሰማሁት ሁሉም የሰማውን ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ባለቤቴ ሻዩን ትኩስ በትኩስ ነው የሚጨልጠው፤ ብርጭቆው ለደወሉ ባዶ እንዲሆንለት። ስኳሩንም አብዝቶ ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ነው።» ከዚያ ቀና ብላ መርማሪዋን አየቻት። ወዲያው ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

መርማሪዋ ሰዓቷን ሳትቀበል ወጣች። መንገዱን ግማሽ ከሄደች በኋላ ነው መርሳቷን ያወቀችው፤ አልተመለሰችም። ከሰዓት በኋላ የብርጭቆዎቹ የምርመራ ውጤት መጣ። አንብባ ስትጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ሰኞ ከቀብሩ በፊት ሁሉንም ደራሲዋ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። አራቱን በየቦታቸው አስቀመጠች፤ ልብስ ሰፊዋን መስኮቱ ጋ፣ ካፒቴኑንና ፋርማሲስቷን ማዶ፣ ሰዓት ሠሪውን ከባዶው ወንበር ጎን። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ። የእህት ልጅ ጥቁር ለብሳ ግድግዳውን ተደግፋለች፤ ፖሊሱ የመጣው ለሷ መሆኑን ስላመነች ሻሿን ደጋግማ ታስተካክላለች። ከታች የቀብር መኪናው ቆሞ ይጠብቃል።

«ሻይ ቅጂ» አለቻት መርማሪዋ። «እንደ ቅዳሜው።»

ካፒቴኑ ይህ ቀልድ መሆኑን ጠየቀ። ልጅቷ ለሁሉም ቀዳች።

«ጋሼ፣ ደወሉን ይምቱልኝ» አለች መርማሪዋ ለሰዓት ሠሪው። «ሻዩን ሳይጠጡት።»

ሰዓት ሠሪው ማንኪያውን አነሳና ሙሉውን ብርጭቆ መታው። ዱብ አለ።

«እሱ ነው» አለ ካፒቴኑ። «የቅዳሜው ድምፅ እሱ ነው።»

መርማሪዋ ሻዩን ወደ ሳህን ገልብጣ ባዶውን ብርጭቆ መለሰችለት። «አሁንስ?» መታው። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ሄዶ ሞተ። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ሳይቀር ዘወር አለ።

«እነዚህ ሁለት ሰዎች በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም» አለች መርማሪዋ ካፒቴኑንና ፋርማሲስቷን እያየች። «በአንድ ነገር ግን ተስማሙ፤ የቅዳሜው ደወል ደወል አልነበረም። መጀመሪያ የወዳጅ ማማረር መሰለኝና ናቅሁት። ኋላ ግን አላስቀምጥ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ጥርት ያለ ደወል ለምን ታፈነ? ብርጭቆው ሙሉ ስለነበረ። እርስዎ ደግሞ፣ ጋሼ፣ ለደወሉ ብለው ሻይዎን ሁልጊዜ ቀድመው ይጨልጣሉ። ቅዳሜ ምን ሆነው ሳይጠጡት ቀሩ?»

«ትኩስ ነበር» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደወሉን ልተወውና ወደ ስኳሩ ልምጣ። መድኃኒቱ የተገኘው ደራሲዋ በጠጣችው ብርጭቆ ውስጥ ነው። ከሥሩ ስኳር ነበረበት፤ ደህና አድርጎ። ይህች ልጅ ለአክስቷ ስኳር አድርጋ አታውቅም፤ በዚሁ በየቀኑ ይጣላሉ። ልጅቷ መርዛት ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ ስኳር በሌለው ሻይ ውስጥ ነበር የሚገኘው። ደራሲዋም ጣፋጩን ስትቀምስ ልጅቷ የራራችላት መሰላት። ‹ዛሬስ አዘንሽልኝ› ብላ ወደ ኩሽና ተጣራች። ታዲያ ያ ሻይ የማን ነበር?»

ፋርማሲስቷ ወንበሯን ከጠረጴዛው ትንሽ ሸሸት አደረገች።

«ከእርስዎ ፊት የቀረው ሙሉ ብርጭቆ ስኳር የለበትም፣ ጋሼ። የደራሲዋ የጣት አሻራና የከንፈሯ ምልክት አለበት፤ አንዴ ፉት ብላለት አስቀምጣው ነበር። የራስዎን ስኳር በዛ አድርገው አጣፈጡት፤ ምሬቱን እንዲሸፍንልዎት። ይዘውት ወደ መደርደሪያው ሄደው ሰዓቱን ሞሉ፤ ጠብታው አጠገብዎ ነው፣ ሌሎቹ የሚያዩት ጀርባዎን ብቻ ነው። ከዚያ መብራቱ ጠፋ። ይህ ቤት በዓለም ላይ ሰዎች ወደውና ፈቅደው ዓይናቸውን የሚጨፍኑበት ብቸኛ ቦታ ነው። በአንድ እጅዎ እርምጃውን እየመቱ፣ በሌላው ብርጭቆዎቹን አቀያየሩ። እስከዚህ ድረስ የሚይዝዎት አልነበረም።»

መርማሪዋ መንቆራጠጧን አቆመች።

«ከዚያ ደወሉ ደረሰ። ፊትዎ ያለው የሷ ሙሉ ብርጭቆ ነው። ቢተዉት ማን ምን ይልዎታል? ረሳሁት ቢሉ ያምኑዎታል። ካፒቴኑ ለሳምንት ያኮርፉ ይሆናል፤ ያ ነው። እርስዎ ግን መቱት። ለምን መቱት?»

ሰዓት ሠሪው ማንኪያውን አሁንም እንደያዘ ነበር።

«ያለ ደወል ባቡሩ አይነሳም» አለ ቀስ ብሎ።

የእህት ልጅ በግድግዳው ላይ ተንሸራታ መሬት ተቀመጠች። እስከዚያች ሰዓት በእግሯ ያቆማት ፍርሃቱ ነበር መሰለኝ። ፋርማሲስቷ ሄዳ አቀፈቻት። ቅዳሜ በዓይኗ የከሰሰቻት እሷ ስለነበረች ቀና ብላ አላየቻትም።

ካፒቴኑ ግን ገና አልገባውም። «ምን አደረገችህ?» አለ። «ምን በድላህ?»

«የስንብቱ ቃል የጋሼ ነው» አለች መርማሪዋ። «የሰዓት ሠሪ ቃል ነው፤ የመርከብ ካፒቴን ከየት ያመጣዋል? የሰኞው ሳይጀምር በፊት ለደንበኛ ሁሉ ይሉት ነበር። ደራሲዋም በወጣትነቷ፣ ሲዋደዱ፣ የሰማችው ከሳቸው ነው፤ ትዕይንቱ እንደሚያሳየው ጣቢያ ላይ፣ የሄደችው ደግሞ እሷ ናት። ዛሬ ጋዜጠኛው ሲመጣ ስማቸውን ልትናገር ነበር።»

አገር ያስለቀሰ ቃል የሱቅ ወሬ ሆኖ መውጣቱ በሌላ ቀን ያስቅ ነበር። ዛሬ ማንም አልሳቀም።

ሰዓት ሠሪው ወደ መስኮቱ ዞረ። ከገባ ጀምሮ ሚስቱን ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። «አንቺ እንዳትሰሚው ብዬ ነው» አለ። «ለምኛት ነበር። እምቢ አለችኝ። በስተርጅና ቤቴ እንዳይፈርስ፣ አንቺ እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ እጆቿን ጭኖቿ ላይ አጣጥፋ ነበር። ስትናገር ድምፁ የነርሷ አልነበረም፤ ሠላሳ ዓመት አብረዋት የተቀመጡት ሰዎች የገዛ ድምፅዋን ያን ጊዜ የሰሙ ያህል ሆነባቸው።

«የተላለፈ ዕለት ነው ያወቅሁት። የመጀመሪያ ልጃችንን እያጠባሁ ነበር። ለእኔም ሰዓት ስትሰጠኝ ያንኑ ነው ያልከኝ፤ ካፒቴኑ ሲለው ጡቴ ደረቀ። አንተ ከጎኔ ተቀምጠህ ዓይንህን ከቴሌቪዥኑ አልነቀልክም።»

«ታዲያ ለምን...»

«እስክትነግረኝ ስጠብቅ። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል ስል ልጆቹ አደጉ። እዚህ ቤት ስንመጣ የነርሷን ቃል የያዝኩት ለምን ይመስልሃል? አንተ ደወሉን ስትመታ የነርሷን ቃል ሌላ ሴት እንዳትለው ነው።»

ከዚያ በጣም በተራ ድምፅ፣ የገበያ ነገር እንደምታወራ ሆና ቀጠለች።

«ሐሙስ ዕለት እሷ መጥታ ነበር። ‹አንቺ ካልፈቀድሽ አልናገርም› አለችኝ። አልቅሳ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ‹ተናገሪው፣ ሰልችቶኛል› አልኳት። ተቃቅፈን ነው የተለያየነው።»

ማንኪያው ከሰዓት ሠሪው እጅ ወድቆ ምንጣፉ ላይ ድምፅ ሳያሰማ ቀረ። ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው እንደ ሕፃን ተነሳለት። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ ሚስቱን አያት፤ እሷ መስኮቱን ታይ ነበር። መርማሪዋ አብራቸው ልትወጣ ጀምራ ቆመች፤ ለምን እንደቆመች ራሷም አላወቀችም።

ደረጃው ላይ የእርምጃቸው ድምፅ እየራቀ ሄደ። ከታች የቀብር መኪናው ጥሩምባ ነፋ። ካፒቴኑ ኮቱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ፤ ፋርማሲስቷ ብርጭቆ ልትሰበስብ ጀምራ ተወችው።

«አጫውቺው» አለች ልብስ ሰፊዋ ለእህት ልጅ።

«እትዬ፣ መኪናው እየጠበቀ...»

«ትጠብቀን። እሷም ብትሆን ሳታየው አትሄድም።»

ካሴቱ ቅዳሜ ከቆመበት ወደ ኋላ ተጠቅልሎ ተነሳ። ወጣቱ ካፒቴን ጣቢያው ደጃፍ ላይ ታየ፤ ነርሷ ሻንጣዋን ይዛ መጣች፤ ከዚያ ምስሉ ጠቆረ፣ ድምፁም ጠፋ። መብራት ያጠፋ የለም። ዓይኑን የጨፈነም የለም። ካፒቴኑ ቃሉን እያንዳንዱን ሳይሳሳት አለው፤ መጨረሻው ላይ ግን አለቀሰ። የባቡሮቹን ስም የምትጠራው ስለሌለች የእህት ልጅ ጠራች፤ በየቅዳሜው ከኩሽና ስትሰማ በቃሏ ይዛው ኖሯል።

ደወሉ ቦታ ሲደርስ ሁሉም ባዶውን ወንበር አዩ።

ልብስ ሰፊዋ ከመስኮቱ ተነስታ መጣች። ምንጣፉ ላይ የወደቀውን ማንኪያ አነሳች፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ ባዶውን ብርጭቆ አንዴ መታችው። ጥርት ብሎ ጮኸ።

«በሉ ይነሳ» አለችና ነጠላዋን ፍለጋ ሄደች።